ክብ ቤትና ቀጥ ያለ ዕንጨት፦ የካፋ ጎጆ አሠራር፣ አመዘጋገቡና የመጫወቻ ጡብ ትምህርት

የካፋ ደን ለቤት ሠሪ የሚያቀርበው ዕንጨት ቀጥ ያለ ነው፤ በዚያው ዕንጨት ሲሠራ የኖረው ቤት ግን ክብ ነው። ቋሚው ቀጥ ያለ፣ ወራጁ ቀጥ ያለ፣ ፍልጡም ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ የእነዚህ ሁሉ ድምር ክብ ይሆናል። ይህ ዘወትር የሚታይ ነገር በመሆኑ እንደ ተራ ሥራ ይቈጠራል፤ ነገር ግን በውስጡ ልክ፣ ስሌትና ጥብቅ የሥራ ቅደም ተከተል አለበት። ይህን ሥርዐት በቃልና በእጅ ይዘው ለተከታዮቻቸው ያስተላለፉት ባለሙያዎች ወረቀትና እርሳስ አላስፈለጋቸውም። ሥራው ቆሞ ታየ፤ ሥርዐቱ ግን ሳይጻፍ ቀረ። ዛሬ በከተማውም በገጠሩም የቆርቆሮ ክዳን ያለው ባለ አራት ማዕዘን ቤት እየተበራከተ በሚሄድበት ጊዜ፣ ያ ያልተጻፈ ሥርዐት በምን ዐይነት መዝገብ ሊተርፍ እንደሚችል መመርመር የሙያው ባለቤቶች ድርሻ ነው።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደን በተሸፈኑ ኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። የካፋ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። በዙሪያዋ ያለው አገር፣ የዱር ቡና ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ ከፍ ባለው ደጋ ቀርከሃ የሚገኝበት፣ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት የማይታጣበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ 760 ሺህ ሄክታር ያህል የሚሆነውን የካፋን ምድር በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። እንግዲህ ደኑ መዝገብ አግኝቷል። ከደኑ የተወለደው ቤት ግን የሚገባውን ያህል መዝገብ አላገኘም።

ችካልና ገመድ

የክብ ቤት ንድፍ የሚጀመረው በአንድ ችካልና በአንድ ገመድ ነው። ቦታው ይመነጠራል፣ ይደለደላል፤ ችካሉ ከመካከል ይተከላል፤ ገመዱ ከችካሉ ታስሮ ተወጥሮ ይዞራል፤ ጫፉ መሬቱን እየጫረ ሲመለስ ክቡ ተሣለ ማለት ነው። የገመዱ ርዝመት በክንድ ወይም በርምጃ ይለካል። በዚህ አኳኋን ከምድር ላይ የተሣለው መስመር የቤቱ ፕላን ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ከጭቃና ከዕንጨት በታች ስለሚቀበር ሌላ ቅጂ የለውም።

ክቡ ከተሣለ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ስንት ቋሚ ይተከል የሚለው ነው። ከማእከሉ እስከ ግድግዳው 3 ሜትር የሆነ ቤት ቢታሰብ ዙሪያው 18.85 ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ዙሪያ ላይ 12 ቋሚዎች ብቻ ተተክለው በመካከላቸው ቀጥ ያለ ዕንጨት ቢጋደም፣ ግድግዳው በየሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከእውነተኛው ክብ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማዕዘኑም በግልጥ ይታያል። ቋሚው 24 ሲሆን ጕድለቱ ወደ 2.6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። 36 ቋሚዎች በ52 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከሉ ደግሞ ጕድለቱ ከ1.1 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። የቋሚው ቍጥር እጥፍ ሲሆን ጕድለቱ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። የቀረውን ጥቂት ጕድለት ጭቃው ይሸፍነዋል። ስለዚህ ጭቃው ነፋስ ከመከላከሉ ሌላ፣ ብዙ ማዕዘን የነበረውን አጥንት ወደ ክብ የሚለውጥ የመጨረሻው ባለሙያ ነው።

ክብ ቅርጽ የተመረጠበት ምክንያትም በዚሁ ስሌት ይገለጣል። በ18.85 ሜትር ግድግዳ የታጠረ ክብ ቤት 28.3 ካሬ ሜትር ወለል ይሰጣል። በዚያው ርዝመት ግድግዳ የታጠረ አራት እኩል ጎን ያለው ቤት የሚሰጠው 22.2 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ለአንድ ዐይነት የግድግዳ ድካም ክቡ ከአራት ማዕዘኑ ከሩብ የሚበልጥ ትርፍ ወለል ያስገኛል። በዚህ ላይ ነፋስ የሚያጠቃው ማዕዘን የለውም፤ ዝናብ የሚያጠራቅም የጣሪያ መጋጠሚያም የለውም። እንደ ካፋ ዝናብ በሚበዛበት አገር የኋለኛው ጥቅም ቀላል አይደለም።

የሥራው ተራ

የክብ ቤት ምሥጢር ከቅርጹ ይልቅ በሥራው ተራ ውስጥ ይገኛል። ቋሚዎቹ በየጕድጓዳቸው ተተክለው አፈሩ ይጠቀጠቃል። ማገሩ በውስጥና በውጭ እየዞረ በሐረግ ወይም በልጥ ይታሰራል። ማገር ለመሆን የሚመረጠው ለጋ፣ ሳይሰበር የሚታጠፍ ዕንጨት ወይም የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው። አንድ ዙር ሲዘጋ ለየብቻቸው ቆመው የነበሩት ቋሚዎች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱን የሚገፋ ኀይል ሁሉንም መግፋት ይኖርበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል በቤት ሥራ ሲተረጐም ይህን ይመስላል።

ቀጥሎ ምሰሶው በችካሉ ሥፍራ ይቆማል። ወራጆቹ በግድግዳው አናት አልፈው ክፈፍ እስኪሆኑ ድረስ ወደ ታች ይዘረጋሉ፤ ከላይ በምሰሶው ጫፍ ይገናኛሉ። 3 ሜትር ማእከላዊ ርቀት ላለው ቤት፣ ክፈፉ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ቢልና የጣሪያው ቁልቁለት 45 ዲግሪ ቢሆን፣ አንዱ ወራጅ 5.1 ሜትር ያህል መሆን አለበት። ወራጆቹ ወደ ላይ በሄዱ ቍጥር ስለሚቀራረቡ ሁሉም እስከ ጫፍ አይደርሱም፤ አንዳንዶቹ በመካከል ይቀራሉ። የትኞቹ እንደሚቀሩና የት እንደሚቀሩ መወሰን የዋናው ባለሙያ ሥራ ነው። በወራጆቹ ላይ የሚዞሩት የጣሪያ ማገሮች ደግሞ ሌላ ተግባር አላቸው፤ የክዳኑ ክብደት ወራጆቹን ወደ ውጭ ሲገፋቸው እንደ በርሜል ቀለበት ይይዟቸዋል። ስለዚህ ክዳኑ ከመጫኑ በፊት ቀለበቱ መዘጋት አለበት። ተራው ቢገለበጥ ጣሪያው ይከፈታል።

ሣሩ የሚከደነው ከክፈፉ ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ የላይኛው እስር የታችኛውን አናት እየሸፈነ ካልሄደ ዝናቡ ይገባል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ሰንብቶ፣ ተረግጦ ይመረጋል። ምርጉ የሚጀመረው ክዳኑ ካለቀ በኋላ ነው፤ አለዚያ ያልደረቀውን ጭቃ ዝናብ ያጥበዋል። በመጨረሻ ከጫፉ ላይ ጕልላት ይደፋል። እሳቱ ከምድጃው ሲነድ ጢሱ በሣሩ ውስጥ እያለፈ ይወጣል፤ በማለፉም ሣሩን ያደርቃል፣ ተባዩን ያባርራል። ቤቱ ባዶ ሲሆን ቶሎ የሚበሰብሰው አንድም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ እንደሚታየው፣ እያንዳንዱ ሥራ የቀዳሚውን መፈጸም ይጠብቃል። የአንድ ክብ ቤት ዕውቀት ማለት የክፍሎቹን ስም ማወቅ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ከየትኛው በኋላ፣ ለምንስ እንደሚመጣ ማወቅ ነው። ደቦ የወጣው ሕዝብ ሁሉ ዕንጨት መሸከም፣ ሣር ማቀበል፣ ጭቃ መርገጥ ይችላል። ተራውን በልቡ የያዘው ግን አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው።

አንድራቻና የዘገየ መዝገብ

የካፋ መንግሥት ታቶ በሚባሉ ነገሥታት፣ ሚክሬቾ በሚባለው የመማክርት ጉባኤም ሲተዳደር የኖረ መንግሥት ነበር። ድንበሩን በጥልቅ ጕድባና በሚጠበቁ በሮች ይከላከል ነበር። ቦንጋና አንድራቻ ከመንግሥቱ ዋና ዋና ሥፍራዎች መካከል ነበሩ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋ ደርሶ ነበር፤ ይህ ሰው በማዕዘን መለኪያ መሣሪያ የኢትዮጵያን ተራሮችና ሥፍራዎች በመለካት የታወቀ ነው። የካፑቺን ሚሲዮናዊው ጉሊየልሞ ማሳያም ከ1859 እስከ 1861 በካፋ ተቀምጧል። እንግዲህ ካፋ ከውጭ ዐይን ፈጽሞ የተሰወረ አገር አልነበረም። ሆኖም ነገሥታቱ የሠሯቸው ቤቶች ቆመው ሳሉ ቋሚያቸውን ቈጥሮ፣ ወራጃቸውን ለክቶ ለትውልድ ያስቀመጠ የግንበኛ መዝገብ አልተገኘም።

በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ በካፋ ላይ ዘመቱ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ሲሸሽ ከቆየ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተይዞ ወደ ሸዋ ተወሰደ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በግዞት ኖረ። የአንድራቻ ቤተ መንግሥትም ከዘመቻው አልተረፈም። የድንጋይ ሕንፃ ሲፈርስ መሠረቱ ይቀራል፤ የተጠረበ ደንጊያም ለሚመረምር ይናገራል። የዕንጨትና የሣር ሕንፃ ሲጠፋ የሚቀረው ግን የቋሚዎቹ ጕድጓድ፣ የምድጃው ዐመድና ያዩት ሰዎች ትዝታ ነው።

ይህን ትዝታ ለመሰብሰብ የተነሣው የቪየናው ሰው ፍሪድሪክ ዩሊየስ ቢበር ነው። ቢበር በትምህርት ቤት የሠለጠነ የሥነ ሕዝብ ሊቅ አልነበረም፤ በወጣትነቱ የጫማ ሥራ የተማረ፣ በኋላም የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ወደ ኢትዮጵያ ተመላልሶ እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋ ደረሰ። ስለ ካፋ ሕዝብ፣ ሥርዐትና ዕቃ የጻፈው ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1920 እና በ1923 ታተመ፤ የሰበሰባቸው ዕቃዎችም በቪየና ይገኛሉ። ስለ ቀድሞው ካፋ ለሚጠይቅ ሁሉ የቢበር ሥራ ዛሬም የማይታለፍ ምንጭ ነው። ነገር ግን ቢበር የደረሰው መንግሥቱ በወደቀ በስምንተኛው ዓመት ነው። ስለ ነገሥታቱ ቤት ሊሰበስብ የሚችለው የሚናገሩትን ቃል ነበር፤ የተናጋሪ ቃል ደግሞ የቤቱን ግርማ ሲያቆይ የሥራውን ተራ ይጥላል። የምሰሶውን ውፍረት የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው፤ ቀለበቱ በስንተኛው ክንድ ላይ እንደ ታሰረ የሚያስታውስ ግን ያሰረው ብቻ ነው።

ደንጊያ የተሣለበት፣ ዕንጨት የተረሳበት ዘመን

ቢበር ካፋን ባየ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1906፣ በኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ጉዞ ወደ አክሱም ሄደ። ከአባላቱ መካከል ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የሕንፃ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1913 በአራት ቅጽ የታተመው ሥራቸው ሐውልቶቹን፣ ዙፋኖቹን፣ የቤተ መንግሥቱን መሠረቶች በትክክል ለክቶ አስቀመጠ። ከዚህም ሌላ ፎን ሉፕከ ያዘጋጀው ሦስተኛው ቅጽ የሰሜን ኢትዮጵያን የመኖሪያ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በንድፍ አሳየ። የተራ ሰው ቤት ከነገሥታት ሐውልት ጐን በሚዛን ተሥሎ መታተሙ ትልቅ ምሳሌ ነበር። ይኸው ምሳሌ በደቡብ ምዕራብ በኩል በዚያው ጥንቃቄ አልተከተለም።

የልዩነቱ ምክንያት የሰዎች ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም። የሕንፃ ልኬት ሥርዐት የተወለደው በቀጥታ ግድግዳና በትክክለኛ ማዕዘን ነው። ሜትሩ በግድግዳው ላይ ይጋደማል፤ ርዝመትና ወርድ ይጻፋል፤ ሥራው ያልቃል። ክብ ቤት ግን ለዚህ ሥርዐት አይገዛም። ማእከሉን ለመያዝ ቢሞከር ምሰሶው በሥፍራው ቆሟል። ዙሪያውን ለመለካት ቢሞከር አጥሩ፣ ጓዳው፣ የከብቱ ማደሪያ ይከለክላል። ሰሜናዊው ክብ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለለኪው የተሻለ ምቾት አለው፤ በክቡ ቅኔ ማኅሌትና ቅድስት መካከል ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን መቅደስ ስለሚቆም ቀጥታ መስመር የሚነሣበት ጐን ይገኛል። በአዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ስምንት ማዕዘን በመሆኑ ክብነትን በስምንት ቀጥታ ጐኖች ያስታርቃል። የካፋ ጎጆ እንዲህ ያለ ዕርቅ የለውም።

ችግሩ መፍትሔ የሌለው አይደለም። በግድግዳው ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ገመድ ተወጥሮ፣ ከገመዱ መካከል እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ቢለካ፣ ማእከሉን ሳይነኩ የክቡን ስፋት ማግኘት ይቻላል። የገመዱ ርዝመት በራሱ ተባዝቶ፣ ለመካከለኛው ርቀት ስምንት እጥፍ ይካፈላል፤ በውጤቱም ላይ የመካከለኛው ርቀት ግማሽ ይደመራል። ለምሳሌ ገመዱ 2.40 ሜትር፣ መካከለኛው ርቀት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከማእከል እስከ ግድግዳ ያለው ርቀት 3 ሜትር ያህል ነው። ይኸው ልኬት በሦስት ወይም በአራት ሥፍራ ቢደገም ቤቱ እውነተኛ ክብ መሆኑና አለመሆኑም ይታወቃል።

በአገራችን የሕንፃ ትምህርት ሲስፋፋ ባህላዊው ቤት ፈጽሞ አልተዘነጋም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት የአገር ውስጥ የሕንፃ ቁሳቁስን መመርመር አንዱ ዓላማው አደረገ። ናይዝጊ ገብረመድኅን ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ቤቶች ዐይነት የጻፉት ጥናት በ1971 በፖል ኦሊቨር አሳታሚነት፣ ስለ አፍሪካ መጠለያዎች በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። በጋሞ ደጋ የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ የሚሸምኑት ረጅም ቤት በብዙ ጸሐፍት ዘንድ ታውቋል፤ ከሥሩ ምስጥ ሲበላው እያጠረ የሚኖር፣ ሲያስፈልግም በሸክም ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛወር ቤት ነው። እነዚህ ጥናቶች ቅርጽን፣ ክፍልን፣ አኗኗርን አስተዋውቀዋል። በአብዛኛው የሚያሳዩት ግን ያለቀውን ቤት ነው። ፕላኑና ቁርጡ ቤቱ ምን እንደሚመስል ይነግራሉ፤ በማግሥቱ ተነሥቶ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ግን ከየት እንደሚጀምር አይነግሩትም።

መጫወቻው ያስተማረው

ይህን ጕድለት ለመሙላት የሚረዳ ምሳሌ ካልታሰበ ሥፍራ፣ ከሕፃናት መጫወቻ ይገኛል። ጨዋታና ቤት ሥራ በአገራችን ባዕዳን አይደሉም፤ ዕቃ ዕቃ የሚጫወት ሕፃን በጭቃና በስንጥር ትንሽ ጎጆ ያቆማል፣ ምሰሶና ክዳን ያወጣላታል። በአውሮፓም ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሬበል እ.ኤ.አ. በ1840 መዋዕለ ሕፃናት ብሎ በሰየመው ትምህርት ቤት የዕንጨት ኳስን፣ ኪዩብንና ሲሊንደርን የማስተማሪያ መሣሪያ አድርጎ ነበር። በኋላም ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን በ1932 በዴንማርክ ቢሉንድ መንደር የዕንጨት መጫወቻ መሥራት የጀመረበት ድርጅት፣ ሌጎ በሚል ስም ታወቀ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው የፕላስቲክ ጡብ አያያዥ ዘዴ ጥር 28 ቀን 1958 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለፈጠራ መብት ቀረበ።

ይህ ጡብ ከካፋው ዕንጨት ጋር አንድ ችግር ይጋራል፤ ቀጥተኛና ባለ ማዕዘን ሆኖ ሳለ ክብ ሥራ ሲጠየቅ ግራ ይገባዋል። በላዩ ያሉት ክብ ጕጦች በ8 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩ ናቸው፤ የጡቡ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከእንዲህ ያለ ጡብ ክብ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጡቦቹን እንደ ደረጃ እያፈናጠሩ ከሩቅ ክብ የሚመስል ቅርጽ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ጡብ ከተመደበለት ሥፍራ በጥቂቱ የጠበበ በመሆኑ፣ በየመጋጠሚያው የሚገኘውን ያን ኢምንት ክፍተት አጠራቅሞ ረጅሙን ግድግዳ ማጕበጥ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከለጋው ማገር ጋር ይዛመዳል፤ ጕብጠቱ ከአንዱ ክፍል አይመጣም፣ ከብዙዎች ጥቂት ጥቂት ተዋጥቶ ይገኛል እንጂ።

የመጀመሪያውን መንገድ በካፋ ጎጆ መሞከር ይቻላል። 6 ሜትር ስፋት ያለው ቤት ከ50 አንድ በሆነ ሚዛን ሲቀነስ 120 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በትክክል 15 ጕጥ ነው። 2 ሜትር የሆነው ግድግዳ በአራት ጡብ ቁመት ይወከላል። የወለሉ ክብ በ15 ተርታ ሲደረደር ከዳር ጀምሮ 5፣ 9፣ 11፣ 13፣ 13፣ 15፣ 15፣ 15 ጕጥ ይሆናል፤ ስምንተኛው ተርታ መካከለኛው ስለሆነ የቀሩት ሰባት ተርታዎች ይህንኑ ወደ ኋላ ይደግማሉ። ድምሩ 177 ጕጥ ነው። የዚያው ክብ ትክክለኛ ስፋት በጕጥ ሲሰላ 176.7 ይሆናል። እንግዲህ ስምንት ቍጥሮች ብቻ በአንድ መስመር ተጽፈው አንድን ክብ ሙሉ በሙሉ ይመዘግባሉ። ቍጥሮቹን በስልክ የሰማ ሰው ሥዕሉን ሳያይ ክቡን ማቆም ይችላል።

ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን በመጫወቻው መመሪያ ውስጥ ያለው ነው። ከ1964 ጀምሮ ከጡቦቹ ጋር የሥራ መመሪያ ይወጣ ጀመር። በዛሬው መልኩ መመሪያው በመጀመሪያ ለያንዳንዱ ደረጃ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ከነቍጥራቸው ያሳያል፤ ቀጥሎ የተጨመረው ክፍል የት እንደሚገባ በሥዕል ያመለክታል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል። ቃል እምብዛም የለበትም። ያለቀውን ሥራ የሚያሳየው አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ የቀረው ገጽ ሁሉ የሚናገረው ስለ ተራው ነው።

ተራው ይህን ያህል የሚያስፈልግበትን ምክንያት የሒሳብ ሰዎች በአንድ ቍጥር ገልጠውታል። ስምንት ጕጥ ያላቸው፣ ቀለማቸውም አንድ የሆነ ስድስት ጡቦች በ915,103,765 ልዩ ልዩ አኳኋን ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ስድስቱን ጡቦች ለሰው መስጠት ሥራውን መስጠት አይደለም። የክብ ቤትም ነገር እንዲሁ ነው፤ ምሰሶ፣ ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ክዳን ብሎ ስም መዘርዘር በሙዚየም ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ጽሑፍ ይበቃ ይሆናል፤ ቤት አያቆምም።

ለክብ ቤት የሚገባው መዝገብ

ከዚህ በመነሣት ለካፋ ክብ ቤት የሚገባው መዝገብ ምን መያዝ እንዳለበት መናገር ይቻላል። ቀዳሚው የክፍሎች ቈጠራ ነው፤ ስንት ቋሚ፣ ስንት ወራጅ፣ ከእነርሱም እስከ ጫፍ የሚደርሱት ስንት እንደ ሆኑ፣ የማገሩ ዙር ብዛት፣ የዕንጨቱ ዐይነትና የተቈረጠበት ወራት። ሁለተኛው ልክ ነው፤ ባለሙያው የተጠቀመበት የክንድና የርምጃ ልክ ከነሜትሩ ጐን ለጐን ይጻፋል። ወደ ሜትር ብቻ ከተለወጠ ክቡር ነገር ይጠፋል፤ አንድ ቤት 3.15 ሜትር መሆኑ ምንም አይናገርም፣ ሰባት ክንድ መሆኑ ግን የአሠራሩን ሐሳብ ይገልጣል። ሦስተኛው የክፍሎቹ ስም በካፊኖኖ ነው፤ የአንድ መጋጠሚያ ስም ብዙ ጊዜ ሥራውን ያስረዳልና። አራተኛውና ዋናው ደረጃ በደረጃ የተሣለ ተራ ነው፤ በያንዳንዱ ደረጃ የተጨመረው ብቻ ደምቆ ይታያል፣ የቀዳሚው ሥራ ፈዝዞ ይቀመጣል። ተራውም ለምን እንዲያ እንደ ሆነ ከሥሩ በአጭሩ ይጻፋል።

የመጫወቻው ምሳሌ ወሰን እንዳለውም መዘንጋት አይገባም። የፋብሪካ ጡብ ሁሉ አንድ ነው፤ የደን ዕንጨት ግን ሁለት አንድ ዐይነት አይገኝም። ባላ ያለውን ቋሚ ከቀጥታው ለይቶ የሚመርጥ፣ ማገሩ ሳይሰበር የሚታጠፍበትን ርጥበት በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ፣ የሣሩን እስር ውፍረት በዐይኑ የሚመዝን ባለሙያ ፍርድ በመመሪያ ገጽ ላይ አያልቅም። መጫወቻው አይበሰብስም፣ ምስጥም አይበላውም። ስለዚህ መዝገቡ ፍርድ የሚያስፈልግበትን ሥፍራ ለይቶ ማመልከት አለበት፤ እዚህ ላይ ባለሙያው ይመርጣል፣ ምርጫውም በዚህና በዚህ ምልክት ነው ብሎ መጻፍ ይገባዋል። የመጫወቻ መመሪያ ይህ ገጽ የለውም። የቤት መዝገብ ግን ያለዚህ ገጽ ጎደሎ ነው።

ሥራው የሩቅ ባለሙያ የሚጠበቅበት አይደለም። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም በዚያው ይገኛል። በደቦ የሚሠራ አንድ ቤት ከችካሉ መተከል እስከ ጕልላቱ መደፋት ድረስ ከአጠገቡ ሆኖ ደረጃ በደረጃ የሚሥል ሰው ቢገኝ፣ ዳባዲ በደረሰበት ዘመን ያልተጻፈው፣ ቢበርም ዘግይቶ የደረሰበት ሥርዐት በመኖር ላይ ሳለ ይያዛል። የተዘጋጀው መዝገብ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ፈተናም ግልጥ ነው፤ ቤቱን ያላየ ሌላ ሠሪ መዝገቡን ብቻ ይዞ ሁለተኛ ቤት ማቆም መቻል አለበት። ካልቻለ የጐደለው ገጽ የትኛው እንደ ሆነ በዚያው ይታወቃል።

ለዚህ ፈተና የሚበቃ ጊዜ ግን የተወሰነ ነው። ቆርቆሮ በባሕርይው ለቀጥታ ጣሪያ የተሠራ ነው፤ በሾጣጣ ጣሪያ ላይ ለማዋል በሦስት ማዕዘን እየተቈረጠ ብዙ ይባክናል። አልጋውም፣ ቁም ሣጥኑም ቀጥታ ግድግዳ ይፈልጋል። ገበሬው አራት ማዕዘን ቤት የሚመርጥበት በቂ ምክንያት ስላለው በምርጫው ሊወቀስ አይገባም። የሙያ ማኅበር ሥራ ሰዎችን በአሮጌ ቤት እንዲኖሩ ማስገደድ አይደለም። ተራውን በልባቸው የያዙት ጥቂት ሽማግሌዎች ክብ ቤት የሚያሠራቸው ሲያጡ፣ የያዙት ዕውቀት በ18 ሜትር ዙሪያ ላይ የመጨረሻውን ማገር እስኪያስሩ ድረስ ብቻ የሚቆይ እንዳይሆን መጠበቅ ግን የማኅበሩ ሥራ ነው። የአንድራቻ ቤት ሲጠፋ የጠየቀ አልነበረም። አሁን ግን የሚጠየቀው ሰው በሕይወት አለ።